የኦራክል ፊርማ ማበረታቻና ቅጣት

የኦራክል ፊርማ ማበረታቻና ቅጣት ለብሎክቼይን ውሎች ከውጭው ዓለም መረጃ የሚያቀብሉ ፈራሚዎች እውነቱን እንዲፈርሙ ለማድረግ የሚዘረጋ የክፍያ፣ የመያዣና የመውረስ ሥርዓት ነው። ኦራክል የሚባለው መረጃውን የሚያቀብለው አካል ሲሆን አንድ ሰው፣ አንድ ድርጅት፣ የኮምፒውተሮች መረብ ወይም ድምፅ የሚሰጡ የቶከን ባለቤቶች ስብስብ ሊሆን ይችላል። ስያሜው በጥንት ግሪኮች ዘንድ የአማልክትን ቃል ያስተላልፋል ተብሎ ይታመንበት ከነበረው ንግርት ተናጋሪ የተወሰደ ነው።

የዚህ ሥርዓት ዋና ችግር ብሎክቼይን ፊርማን እንጂ እውነትን ማየት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ቅጣቱ የሚያርፈው በቀጥታ በውሸት ላይ ሳይሆን ውሸትን ያመለክታሉ በተባሉ ምልክቶች ላይ ነው። ከሌሎች ፈራሚዎች መለየት፣ እርስ በርሱ የሚቃረን ፊርማ፣ በሰዓቱ አለመፈረም፣ በድምፅ መሸነፍ ከእነዚህ ምልክቶች ዋና ዋናዎቹ ናቸው። እያንዳንዱ ምልክት የሚይዘው ጥፋት አለ፤ የሚያመልጠውም አለ።

የችግሩ መነሻ

ስማርት ውል ገንዘብ ይዞ በተጻፈለት ደንብ መሠረት ራሱ የሚከፍል ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ በጀመረው በኢቴሪየምና እሱን በመሳሰሉ ብሎክቼይኖች ላይ ይህን ፕሮግራም በመረቡ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ያሰሉታል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት ላይ መድረስ አለባቸው። ውሉ አንድ ድረ ገጽ ከፍቶ የወርቅን ዋጋ ቢጠይቅ ግን አንዱ ኮምፒውተር አሁን፣ ሌላው ከደቂቃ በኋላ፣ ሌላው ደግሞ ከዓመት በኋላ ታሪኩን ሲያጣራ ስለሚጠይቅ መልሱ ይለያያል። በዚህ ምክንያት ውሉ ወደ ውጭ እንዲመለከት አይፈቀድለትም። መረጃው በውጭ ተፈርሞ በግብይት መልክ ወደ ሰንሰለቱ መግባት አለበት።

ፈራሚው እሱ ብቻ የሚያውቀው የግል ቁልፍና ለሁሉም የሚታይ ይፋዊ ቁልፍ አለው። ዲጂታል ፊርማው መልእክቱ የግል ቁልፉን ከያዘው ሰው የወጣ መሆኑንና ከተፈረመ በኋላ አለመለወጡን ያረጋግጣል። መልእክቱ እውነት ስለመሆኑ ግን ምንም አይናገርም። በወረቀት ውል ላይ የሚፈርም እማኝም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ የወረቀቱ እማኝ በሐሰት ከፈረመ ፍርድ ቤት ተጠርቶ ሊጠየቅ መቻሉ ነው። ስማርት ውል ግን የሚጠራው ዳኛ የለውም፤ ገንዘቡም አንዴ ከወጣ በአብዛኛው አይመለስም። የኦራክል ነዳፊዎች በዳኛው ፋንታ የጥቅምና የኪሳራ ሒሳብ ለማስቀመጥ የሞከሩት ለዚህ ነው።

የሐቀኝነት ሒሳብ

የማበረታቻ ሥርዓት የሚነሣው ፈራሚው ጥቅሙን ያሰላል ከሚል ግምት ነው። በአንድ በኩል ውሸቱ የሚያስገኘው ገንዘብ አለ። በሌላ በኩል የሚወረሰው መያዣና ከዚያ በኋላ የሚቀረው ገቢ አለ፤ ሁለቱም የሚቆጠሩት በመያዝ ዕድሉ ልክ ነው። መያዣው የቱንም ያህል ቢበዛ የሚይዝ ከሌለ ቅጣቱ ለስሙ ያህል ብቻ ይሆናል።

ለምሳሌ 11 ፈራሚዎች የአንድን ሸቀጥ ዋጋ ይፈርማሉ፣ እያንዳንዳቸውም 50,000 ዶላር መያዣ አስቀምጠዋል እንበል። ውሉ የሚቀበለው ሚዲያኑን፣ ማለትም 11ዱ ቁጥሮች ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ ስድስተኛው ቦታ ላይ የሚውለውን ነው። አምስት ፈራሚዎች ተመሳጥረው የፈለጉትን ያህል የተጋነነ ቁጥር ቢጽፉም ስድስተኛው ቦታ ላይ የሚውለው የሐቀኛ ፈራሚ ቁጥር ነው። ስድስት ከተመሳጠሩ ግን ውጤቱ በእጃቸው ገባ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ተደምረው አማካያቸው ቢወሰድ ኖሮ አንድ ፈራሚ ብቻውን ውጤቱን ሊያዛባው ይችል ነበር፤ የዋጋ ኦራክሎች ሚዲያንን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው። ስድስቱ ተመሳጣሪዎች የሚያጡት መያዣ በድምሩ 300,000 ዶላር ነው። በዚህ ዋጋ ላይ የተመሠረቱት ውሎች የያዙት 200,000 ዶላር ከሆነ ሤራው ኪሳራ ነው። 20 ሚሊዮን ዶላር ከሆነ ግን መያዣው ለትርፉ የሚከፈል አነስተኛ ወጪ ይሆናል።

ይህን ሒሳብ የሚያበላሽ አንድ ነገር አለ። ዋጋው ሰንሰለቱ ላይ ከተጻፈ በኋላ ማንም ያነበዋል። ለኦራክሉ ምንም ሳይከፍሉ ዋጋውን የሚጠቀሙ ውሎች ሲበዙ ከውሸት የሚገኘው ትርፍ ያድጋል፣ የፈራሚዎቹ ገቢና መያዣ ግን ባለበት ይቆያል። ፈራሚዎቹ በፊርማቸው ላይ ስንት ገንዘብ እንደተንጠለጠለ ላያውቁም ይችላሉ። የኦገር ነዳፊዎች እንዲህ ያሉትን ተጠቃሚዎች ጥገኛ ገበያዎች ብለው ሰይመዋቸዋል።

መያዣው በምን ይቀመጥ የሚለውም ጥያቄ ቀላል አይደለም። ብዙ ኦራክሎች መያዣውን የሚቀበሉት በራሳቸው ቶከን ነው። ኦራክሉ በማጭበርበር ስሙ ከጠፋ የቶከኑ ዋጋ ስለሚወድቅ አጭበርባሪው ያልተወረሰውንም ሀብቱን ያጣል፤ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። መጥፎ ጎኑ ደግሞ ቶከኑ በሌላ ምክንያት ዋጋው በግማሽ ቢወርድ የኦራክሉ ጥበቃም በዚያው ቀን በግማሽ መውረዱ ነው።

ከብዙኃኑ ጋር መስማማት

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቶማስ ሼሊንግ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎች ሳይነጋገሩ እንዴት አንድ ዓይነት ምርጫ ላይ እንደሚደርሱ አብራርቷል። በኒውዮርክ ከአንድ ሰው ጋር ተገናኝ፣ ቦታና ሰዓት ግን አልተነገረህም የተባሉ ሰዎች ብዙዎቹ ግራንድ ሴንትራል የባቡር ጣቢያን፣ ሰዓቱንም እኩለ ቀን መርጠዋል። ሼሊንግ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የኢቴሪየም መሥራች ቪታሊክ ቡተሪን እ.ኤ.አ. በማርች 2014 ይህን ሐሳብ ወስዶ ሼሊንግ ኮይን የተባለ የኦራክል ንድፍ አቀረበ።

ንድፉ ቀላል ነው። ሁሉም ተሳታፊ ለምሳሌ የኢተርን የዶላር ዋጋ ይጽፋል። መልሶቹ ሲደረደሩ በመካከለኛው ግማሽ ውስጥ፣ ማለትም በ25ኛውና በ75ኛው ፐርሰንታይል መካከል የዋሉት ይሸለማሉ፤ ከዳር ያሉት ምንም አያገኙም። ተሳታፊዎቹ እርስ በርስ ካልተማመኑ ሁሉም ሊገምተው የሚችለው የጋራ መልስ እውነቱ ነው። አንዱ የሌላውን መልስ አይቶ እንዳይገለብጥ መጀመሪያ እያንዳንዱ የመልሱን የተመሰጠረ አሻራ ብቻ ያስገባል፤ ሁሉም ካስገቡ በኋላ መልሱ ራሱ ይገለጣል። ያለዚህ ሁለት ደረጃ ሰነፍ ፈራሚ ምንም ሳይሠራ የጎረቤቱን ቁጥር እየፈረመ ሽልማት ይወስዳል፣ የፈራሚዎች ብዛትም ትርጉም ያጣል።

የንድፉ ድክመት ሽልማቱ ለእውነት ሳይሆን ለመስማማት መሰጠቱ ነው። ቡተሪን ራሱ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 ይህን የሚያሳይ ጥቃት አብራርቷል፤ ሐሳቡን ያገኘው ከኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ከአንድሩ ሚለር መሆኑንም ጠቅሷል። ጥያቄው አዎ ወይም አይ የሚባልበት ነው፣ እውነተኛው መልስ አዎ ነው፣ ከብዙኃኑ ጋር ለተስማማ ደግሞ 10 ዶላር ይከፈላል እንበል። አጥቂው ለሁሉም እንዲህ ሲል ቃል ይገባል፦ አይ ብለህ ከፈረምህና አዎ ካሸነፈ እኔ 11 ዶላር እከፍልሃለሁ። አንድ ፈራሚ ሲያሰላ፣ አዎ ካሸነፈ በአዎ 10፣ በአይ 11 ያገኛል። አይ ካሸነፈ ደግሞ በአዎ ምንም፣ በአይ 10 ያገኛል። በየትኛውም መንገድ አይ ይሻለዋል። ሁሉም እንዲህ ካሰሉ አይ ያሸንፋል፤ ያኔ የአጥቂው ቃል የሚፈጸምበት ሁኔታ ስላልተሟላ አጥቂው አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ከአጥቂው የሚጠበቀው ገንዘቡ እንዳለው ማሳየት ብቻ ነው፤ ለዚህም በስማርት ውል ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃዋል። ጉቦ ሳይከፈል ጉቦ የሚሠራበት ይህ ሒሳብ ከዚያ በኋላ የመጡት ነዳፊዎች ሁሉ መልስ ሊሰጡበት የሞከሩት ነው።

መያዣ፣ ይግባኝና መገንጠል

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 በኢቴሪየም ላይ የተከፈተው ኦገር የትንበያ ገበያ ሲሆን የውጤቱ ፈራሚዎች ሬፕ የተባለውን ቶከን በመያዣነት ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ አንድ የተመደበ ዘጋቢ ውጤቱን ይፈርማል። የማይስማማ ሰው የራሱን መያዣ አስቀምጦ ይቃወማል፤ ተቃውሞው ከተሳካ ተቃራኒው ወገን ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ መያዣ አምጥቶ መልሶ መቃወም ይችላል። በመጨረሻ የተሸነፈው ወገን መያዣ ለአሸናፊው ይከፋፈላል። ስለዚህ ውሸትን መጠቆም ራሱን የቻለ ገቢ ነው።

የኦገር ልዩ ነገር የመጨረሻው ደረጃ ነው። የተቃውሞ መያዣው ከሁሉም ሬፕ 2.5 ከመቶ ከደረሰ ሥርዓቱ ይገነጠላል፤ አዎ እውነት የሆነበትና አይ እውነት የሆነበት የተለያዩ ዓለማት ይፈጠራሉ። የቶከን ባለቤቶች ቶከናቸውን ወደ አንዱ ዓለም ማዛወር አለባቸው፣ ተመልሰውም መውጣት አይችሉም። ነዳፊዎቹ የተነሡበት ግምት በውሸታሙ ዓለም ውስጥ ማንም መገበያየት ስለማይፈልግ እዚያ ያለው ቶከን ዋጋ ያጣል የሚል ነው። እዚህ ላይ ብዙኃኑ ቢዋሹ እንኳ ብዙኃን መሆናቸው አያድናቸውም፤ በላይ በተገለጸው የጉቦ ጥቃት ላይ ከቀረቡት መልሶች ጠንካራው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ዋጋውም ከባድ ነው፦ መገንጠሉ እስከ 60 ቀን ሊወስድ ይችላል፣ በዚያ ጊዜም የሌሎች ገበያዎች ሥራ ይስተጓጎላል።

መያዣ ሁሉ ዋጋ የሚኖረው ጥያቄው አንድ መልስ ብቻ ካለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ምክር ቤት ምርጫ ላይ በኦገር የተከፈተ አንድ ገበያ ከምርጫው በኋላ የተወካዮች ምክር ቤቱን የትኛው ፓርቲ እንደሚቆጣጠር ይጠይቅ ነበር። ዲሞክራቶች በኖቬምበር አሸነፉ፤ ገበያው የሚዘጋው ግን ዲሴምበር 10 ሲሆን በዚያ ቀን ምክር ቤቱን የሚቆጣጠሩት ገና ሪፐብሊካኖች ነበሩ። አዲሱ ምክር ቤት ሥራ የሚጀምረው በጃንዋሪ ነው። ለሐቀኛ ፈራሚ ሁለቱም መልሶች የሚያስኬዱ ነበሩ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ቅጣቱ የሚመታው ውሸታሙን ሳይሆን የብዙኃኑን አተረጓጐም ያልገመተውን ነው።

ኡማ የተባለው ኦራክል ከዚህ የፈጠነ መንገድ ይከተላል። አንድ ሰው መያዣ አስቀምጦ መልሱን ይፈርማል፤ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ የተቃወመ ከሌለ መልሱ ትክክል ነው ተብሎ ይወሰዳል። የተቃወመ ካለ ጉዳዩ ወደ ኡማ ቶከን ባለቤቶች ድምፅ ይሄዳል። ያሸነፈውን መልስ ያልመረጡ መራጮች ካስቀመጡት ቶከን ጥቂቱ ተቀንሶ ላሸነፉት ይሰጣል። ሥርዓቱ አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ መልሶች ክርክር አያስነሡም። ጥበቃው ግን በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፦ የሚከታተል ሰው መኖሩና የድምፁ ቶከን በጥቂት እጆች አለመከማቸቱ።

ሁለተኛው ነገር እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ተፈተነ። ፖሊማርኬት በተባለው የትንበያ ገበያ ላይ ዩክሬን ከኤፕሪል በፊት ከአሜሪካ ጋር የማዕድን ስምምነት ታደርጋለች ወይ የሚል፣ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተገበያየበት ጥያቄ ነበር። ስምምነቱ ሳይፈረም ኡማ አዎ ብሎ ወሰነ። በወቅቱ የወጡ ዘገባዎች አንድ ትልቅ ባለቤት በበርካታ አድራሻዎች 5 ሚሊዮን ያህል ቶከን፣ ማለትም የተሰጠውን ድምፅ ሩብ ገደማ እንደጣለ ጠቁመዋል፤ ሌሎች ደግሞ መራጮቹ ጥያቄውን በራሳቸው መንገድ ተርጕመውት ነው ብለው ተከራክረዋል። ፖሊማርኬት ውጤቱ ተጠቃሚዎቹ ከጠበቁት ውጭ መሆኑን አምኖ ገንዘብ ግን እንደማይመልስ አስታወቀ። ስምምነቱ የተፈረመው ኤፕሪል 30 ነው። በሥርዓቱ ደንብ መሠረት በዚህ ድምፅ የተቀጡት አይ ያሉት መራጮች ናቸው።

ሁለት ጊዜ የፈረመ ቁልፉን ያጣል

ከሁሉም የተለየ ቅጣት ያለው የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪ የነበረው ሳዲየስ ድራይጃ እ.ኤ.አ. በ2017 ለቢትኮይን ባቀረበው ንድፍ ውስጥ ነው። በዚህ ንድፍ ድምፅም ሆነ ቶከን አያስፈልግም፤ ቅጣቱ በፊርማው ስሌት ውስጥ ነው ያለው።

ኦራክሉ ከክስተቱ አስቀድሞ ለዚያ ክስተት ብቻ የሚያገለግል አንድ ምሥጢራዊ ቁጥር ይመርጥና አሻራውን ለሁሉም ይገልጻል። ሁለት ተዋዋዮች ይህን አሻራ ተጠቅመው ውላቸውን ያዘጋጃሉ። ክስተቱ ሲፈጸም ኦራክሉ ውጤቱን በዚያ ቁጥር ይፈርማል፤ ፊርማውም ያሸነፈው ወገን ገንዘቡን እንዲያወጣ የሚያስችል ቁልፍ ሆኖ ያገለግላል። ፊርማው የሚሰላው ከምሥጢራዊው ቁጥር ላይ የመልእክቱ አሻራ በግል ቁልፉ ተባዝቶ ሲቀነስ ነው።

በትንንሽ ቁጥሮች እንየው። የግል ቁልፉ 7፣ ምሥጢራዊው ቁጥር 20 ነው፤ ሁለቱንም የሚያውቀው ኦራክሉ ብቻ ነው። የአንደኛው መልእክት አሻራ 2 ከሆነ ፊርማው 20 ሲቀነስ 14፣ ማለትም 6 ነው። ከዚህ አንድ ቁጥር ብቻ ማንም ቁልፉን ሊያገኝ አይችልም፣ ምክንያቱም ሁለት የማይታወቁ ነገሮች አሉ። ኦራክሉ ለሌላ ሰው የተለየ ውጤት ቢፈርምና የዚያ መልእክት አሻራ 5 ቢሆን ፊርማው 20 ሲቀነስ 35፣ ማለትም 15 ከዜሮ በታች ይሆናል። አሁን ሁለቱን ፊርማዎች ያየ ማንኛውም ሰው ልዩነታቸውን 21፣ የአሻራዎቹን ልዩነት 3 ያገኝና 21ን ለ3 ያካፍላል። መልሱ 7 ነው፤ የግል ቁልፉ ወጣ። በእውነተኛው ሥርዓት ቁጥሮቹ እጅግ ግዙፍ ቢሆኑም ስሌቱ ከዚህ አይከብድም። በዚያ ቁልፍ የተቀመጠ የመያዣ ገንዘብ ካለ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል፣ የኦራክሉም ፊርማ ከዚያ በኋላ ዋጋ አይኖረውም። ይኸው የሒሳብ ባሕርይ በሌላ ቦታ ሳይታሰብ ጉዳት አድርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የፕሌይስቴሽን 3 የፊርማ ቁልፍ የተጋለጠው አምራቹ አንድን ምሥጢራዊ ቁጥር በተለያዩ ፊርማዎች ላይ ደጋግሞ በመጠቀሙ ነበር።

ይህ ቅጣት ከሳሽም ዳኛም አያሻውም፣ ይግባኝም የለውም። የሚይዘው ግን አንድን ጥፋት ብቻ ነው፦ ለአንዱ አዎ ለሌላው አይ ብሎ መፈረምን። ለሁሉም አንድ ዓይነት ውሸት የፈረመ ኦራክል ቁልፉ አይወጣም። በእሱ ላይ የሚቀረው ማስረጃው ነው፤ የፈረመው ውሸት ለዘላለም በስሙ ይኖራል፣ ያየውም ሁሉ ለሌላ ሊያሳየው ይችላል። ንድፉ ጉቦንም በተዘዋዋሪ ያዳክማል፤ ኦራክሉ በፊርማው ላይ ማን ከማን ጋር እንደተዋዋለ ስለማያውቅ ጉቦ የሚጠይቀው ሰው ያጣል። የተከፈለበት ተዋዋይ ራሱ መጥቶ ካነጋገረው ግን ይህ መከላከያ አይሠራም።

የዋጋ ፈራሚዎች መረብ

በብድርና በንግድ ውሎች ዘንድ በስፋት የሚታወቀው ቼይንሊንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ሰርጌ ናዛሮቭ፣ ስቲቭ ኤሊስና አሪ ጁልስ በጻፉት ሰነድ ነው የተዋወቀው። ፈራሚዎቹ ኖድ የሚባሉ ኮምፒውተሮችን የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ኖዶቹ ዋጋውን በመካከላቸው ተለዋውጠውና ፈርመው አንድ የጋራ ሪፖርት ብቻ ወደ ሰንሰለቱ ይልካሉ፤ ውሉም የፊርማዎቹን ብዛት አረጋግጦ ሚዲያኑን ይቀበላል። ለብዙ ዓመታት ኖዶቹን ያስተሳሰራቸው መያዣ ሳይሆን ስማቸውና በየሪፖርቱ የሚከፈላቸው ገንዘብ ነበር። ያ ገቢ ለዓመታት የሚቀጥል ከሆነ እሱን ማጣት ራሱ ቅጣት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሁለተኛው ሰነድ ከዚህ የበለጠ ሐሳብ አቀረበ። ኖዶቹ ተመሳጥረው ሐሰተኛ ሪፖርት ሲያወጡ ከመካከላቸው ቀድሞ ያጋለጠው የተቀጡትን ሁሉ መያዣ ብቻውን ይወስዳል። 100 ኖዶች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ዶላር ቢያስይዙና ግማሾቹ ቢዋሹ ለአጋላጩ 50 ሚሊዮን ገደማ ይደርሰዋል። ስለዚህ ጉቦ ሰጪው ማንም እንዳያጋልጥ ለእያንዳንዱ ከ50 ሚሊዮን በላይ መስጠት አለበት፤ ለ100ው በድምሩ ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል። መያዣው 100 ሚሊዮን ሆኖ ሳለ ጉቦው 50 እጥፍ አደገ ማለት ነው። ስሌቱ የሚሠራው ክሱን የሚያይ፣ በጉቦ የማይደፈር ሁለተኛ ደረጃ ዳኛ ካለ ነው፤ ጥያቄው ወደዚያ ተሸጋገረ እንጂ አልጠፋም።

በተግባር የመጣው ቅጣት ከዚህ በጣም የጠበበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በተጀመረው ሁለተኛው የመያዣ ሥርዓት የኢተር የዶላር ዋጋ ከሦስት ሰዓት በላይ ሳይታደስ ከቀረ በኃላፊነት ያሉ ኖዶች እያንዳንዳቸው 700 ሊንክ ይቀጣሉ፣ ለጠቆመው ደግሞ ሽልማት አለ። የተቀጣው መዘግየት እንጂ ውሸት አይደለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ዋጋው ከታደሰ ስንት ሰዓት እንደሆነ ውሉ ራሱ ያያል፤ ዋጋው ትክክል መሆኑን ግን አያይም።

ፒት የተባለው ኦራክል ፈራሚዎቹን ከምንጩ ይወስዳል፤ የሚፈርሙት የመገበያያ ድርጅቶችና ነጋዴዎች ራሳቸው ናቸው። እያንዳንዱ ከዋጋው ጋር የእርግጠኝነቱን ስፋት ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2021 የቢትኮይን ዋጋ ከ40,000 ዶላር በላይ ሆኖ ሳለ ፒት ለአጭር ጊዜ 5,402 ዶላር ብሎ አሳየ። ምክንያቱ ሁለት ፈራሚዎች የዐሥርዮሽ ነጥብ በማዛባታቸውና ዋጋዎቹን የሚያጣምረው ስሌት ለእነሱ ብዙ ክብደት በመስጠቱ ነበር። ማንም ለማጭበርበር አላሰበም። እ.ኤ.አ. በ2024 ፒት በፈራሚዎቹ ላይ መያዣ ሲያስጀምር ቅጣቱ ሐሳብን ሳይሆን ውጤትን የሚመለከት ሆነ፤ ተንኮለኛውም ግድየለሹም በአንድ ሚዛን ይቀጣሉ። ይህ ጨካኝ ቢመስልም አማራጭ ያለው አይመስልም፤ ፕሮግራም የሰውን ልብ አይመረምርም። የሚያስከትለው ጉዳት ግን አለ፦ ቅጣቱ ሲከብድ ጠንቃቃ ድርጅቶች ራሳቸው መፈረም ይተዋሉ።

በሐቀኝነት የተፈረመ ጉዳት

በኦራክል በኩል ከደረሱት ታዋቂ ኪሳራዎች ብዙዎቹ በሐሰተኛ ፊርማ የመጡ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2019 ለሲንቴቲክስ የኮሪያን ዎን ዋጋ ከሚያቀብሉት ምንጮች አንዱ ከትክክለኛው 1,000 ጊዜ የሚበልጥ ቁጥር ላከ። አንድ የንግድ ፕሮግራም ልዩነቱን አግኝቶ በወረቀት ላይ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ትርፍ ሰበሰበ፤ ባለቤቱ በኋላ ተነጋግሮ ሽልማት ተሰጥቶት ግብይቱን መለሰ።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 2020 በኮምፓውንድ የደረሰው ደግሞ ይበልጥ አስተማሪ ነው። የብድር ሥርዓቱ የዳይን ዋጋ የሚወስደው ከኮይንቤዝ ፕሮ በተፈረመ መረጃ ነበር። ዳይ ከአንድ ዶላር ብዙም እንዳይርቅ ተደርጎ የተነደፈ ቶከን ነው፤ በዚያ ቀን ግን በኮይንቤዝ ፕሮ ላይ ለአጭር ጊዜ ወደ 1.30 ዶላር ወጣ። ፊርማው ትክክለኛ ነበር፣ ዋጋውም በእርግጥ እዚያ የተገበያዩበት ነው። ዳይ የተበደሩ ሰዎች ዕዳቸው በድንገት ከመያዣቸው ጋር ሳይመጣጠን ቀረና ወደ 89 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ንብረት ተሸጠባቸው። ፈራሚውን የሚቀጣ ደንብ ቢኖር እንኳ የሚያርፍበት ጥፋት አልነበረም።

በኦክቶበር 2022 በሶላና ብሎክቼይን ላይ ይሠራ በነበረው በማንጎ ማርኬትስ አንድ ነጋዴ የማንጎን ቶከን በብዛት እየገዛ ዋጋውን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከፍ አደረገ፤ ኦራክሎቹም የወጣውን ዋጋ እንዳዩት ፈረሙ። በተጋነነው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተበድሮ ወጣ። ነጋዴው በኒውዮርክ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2024 የዳኞች ጉባኤ ጥፋተኛ ብሎት ነበር፤ በሜይ 2025 ዳኛው ውሳኔውን ሽረውታል።

እንዲህ ያለውን ለመከላከል የሚወሰዱት እርምጃዎች ከፈራሚው ቅጣት ውጭ ናቸው። ዋጋው ከአንድ ገበያ ሳይሆን ከብዙ ገበያዎች እንደየግብይታቸው መጠን ይሰበሰባል፤ የአንድ ቅጽበት ዋጋ ሳይሆን የተወሰነ ጊዜ አማካይ ይወሰዳል፤ ካለፈው ዋጋ ከተወሰነ ወሰን በላይ የራቀ ቁጥር ሲመጣ ውሉ ራሱ ሥራውን ያቆማል። ጥቂት በሚገበያዩባቸው ቶከኖች ላይ ደግሞ ውሉ የሚያበድረው መጠን በገደብ ይታሰራል።